አክስቴ የተናዘዘችው ዝምታ

ልጅ ሳለሁ ነገር ሁሉ የተበላሸብን በአንድ የሆሳዕና እሑድ ነው። ከዚያ በፊት፣ በቾ ቦሬ ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ አክስቴ ተሬዛ ተረት ትነግረን ነበር። ያኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የከሰሉን ምድጃ ከብበን እንቀመጣለን፤ የበቆሎው እሸት ፍሙ ላይ ይንጣጣል፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፣ እሷ ግን በቅዳሴ የሰማችውን ወንጌል ወደ እኛው አገር ታመጣው ነበር። መክሊት የተሰጣቸው ሦስቱ አገልጋዮች በእሷ አፍ የደዶ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ በቅሎ ገዝቶ ይነግዳል፣ ሌላው ማር ያመላልሳል፣ ሦስተኛው ቡና ዛፍ ሥር ጉድጓድ ይምሳል።

«ያ ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ ለምን ቀበረው?»

«ሶዳቴ! ፈራ!» ብለን እንጮኻለን።

የጎረቤታችን ልጅ ከድር፣ «አክስቴ፣ መጀመሪያ ቢስሚላህ በይ እንጂ!» እያለ ያሾፍባታል።

«በስመ አብ ብያለሁ፤ አንተ ደግሞ የጎደለውን ሙላበት!»

በዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘንባባ ይዘው ግቢውን የሚያተራምሱትን ልጆች ሰብስባ ያንኑ ተረት ጀመረች። አዋቂዎችም ቆመው ይሰሙ ጀመር። የካቶሊክ ቁምስናችን ምክር ቤት ሰብሳቢ ጋሽ ዘለቀ ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው መጡ።

«ወንጌል ውስጥ በቅሎ ከየት መጣ፣ ተሬዛ? ለማስተማሩ የተማሩ ወንዶች አሉ። ይልቅ ወጥ ቤት ግቢ፣ ሽንኩርቱ አልተከተፈም።»

ሰው ሳቀ። እሷም ገባች።

ማታ መብራት ሲጠፋ እንደ ልማዳችን ምድጃውን ከበብን። አክስቴ ፍሙን በአመድ አዳፍና፣ «ተረቱ አልቋል» አለችን። እውነትም አለቀ። እኔ አድጌ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ተመረቅሁ፣ መከራከርም ተማርኩ፤ ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ግን ቤተሰቡ «ያለፈ ነገር ምን ይጎረጎራል?» እያለ አፌን ያስይዘኛል። እሷም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለቁምስናው ሽንኩርት ከተፈች።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ወደ መንደራ ቆጪ ሰፈር ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ ድንገት ሳቀች።

«ዝምታዬን ተናዘዝኩ» አለችኝ። «እግዚአብሔር አፍ ሰጥቶኝ ዘጋሁት አልኳቸው። አባም ንስሐሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ ተረት መንገር ነው አሉኝ። ወይ ጉዴ! መቁጠሪያ ሙሉ ቢያስደግሙኝ ይቀለኝ ነበር!»

በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ቁምስናው አብሬያት ሄድኩ። ተረቱን ስትጀምር ድምጿ ከፊተኞቹ ልጆች አላለፈም። አንዲት ልጅ «አይሰማም!» ብላ ጮኸች። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ አማተበች፣ ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ፤ ትንሽ ሻክሯል እንጂ ያው ራሱ ነው። ልጆቹ ተንፈቅፍቀው ሳቁ። ከሁሉ ፊት፣ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ ጋሽ ዘለቀ ተቀምጠዋል። እሳቸውም ሳቁ፣ አጨበጨቡም። ሲያበቃ፣ «ይህን የመሰለ ጸጋ ይዘሽ የት ከርመሽ ነው?» አሏት።

አክስቴ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። ወደ ቤት ስንመለስም «ተወው ልጄ፣ ሸክሙ ከእኔ ወርዷል» አለችኝ። ከእሷ ይውረድ። ከእኔ አልወረደም። ከዚያ ምድጃ ዳር ያገኘሁት ሙቀት ዛሬም አብሮኝ አለ፤ ግን ማታ ማታ እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱው ነው። እሷ ተንበርክካ ተናዝዛለች፣ ንስሐዋንም በየቅዳሜው እየፈጸመች ነው። ጋሽ ዘለቀ፣ እርስዎስ? አክስቴ የተናዘዘችው የማንን ኃጢአት ነው? ይመልሱልኝ።