ወር በወር የምትመርቅ እናት

ረቢአ ክፉ እናት ብትሆን ኖሮ ይህን ማውራት ቀላል ነበር። አልነበረችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ድስት እያጠበች፣ የማንንም ደጅ ሳትጠና ሦስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ጥፋቱ የመጣው ከደግነቷ ነው፤ እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

ትልቋ ልጅ ኢልሃም ጎህ ሲቀድ በጨፋ መንገድ ትሮጣለች፤ ከትምህርት መልስ ደግሞ እስኪመሽ ከእናቷ ጋር ድስት ትፈትጋለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ የዞኑን ውድድር ሁለቴ ስታሸንፍ አሰልጣኝ ጀይላን ቤታቸው ድረስ መጣ።

«እናቴ፣ ይህቺ ልጅ ሁለቱንም አትችለውም» አላት። «ክለቡ ካምፕ ያስገባታል። እናንተም እንዳትቸገሩ ለቤተሰብ በየወሩ አራት ሺህ ብር ይልካል። እርስዎ ብቻ ለሥራ አይጥሯት።»

ወላሂ፣ አሳቡ ግሩም ነበር። ረቢአ ድስቱን ተወች። ታናናሾቹ ሙስዐብና ጀነት ደብተር ተገዛላቸው፣ የሚያፈሰውም ጣሪያ ቆርቆሮ ይለወጥለት ጀመር። ገንዘቡ ስልኳ ላይ በገባ ቁጥር ረቢአ ወደ ካምፑ ትደውላለች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ገብቷል። እነዚያን እግሮችሽን አላህ ይጠብቅልኝ» ትላለች። ከዚያ የተገዛውን አንድ በአንድ ትዘረዝራለች፤ ዘይቱን፣ ጫማውን፣ ቆርቆሮውን። «ከአላህ በታች ካንቺ ሌላ ማን አለን?» ብላ ትዘጋለች። የራቀ ልጅ የቤቱን ደስታ ሲሰማ ይበረታል ብላ ነው። የኛ አገር ሰው መቼም ምርቃት አይቆጥብም፤ ምርቃት ይከብዳል ያለም ሰምቼ አላውቅ።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። በዘጠነኛው ጀይላን ደወለ። ኢልሃም ልምምድ ላይ ወድቃ የቅልጥሟ አጥንት ተሰብሯል፤ ሆስፒታል ተኝታለች።

ረቢአ ባገኘችው ሚኒባስ ከነፈች። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳያት።

«ይህ የትናንት አይደለም» አላት። «ቢያንስ አራት ወር በተሰነጠቀ አጥንት ሮጣለች። ያኔ ብትናገር እረፍት ብቻ ይበቃት ነበር። መራመድ ትራመዳለች፤ ውድድር ግን ከእንግዲህ የለም።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የሚያስደብቀውን ነገር ማንም አይጠይቅም።

ረቢአ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

ኢልሃም ግድግዳውን እያየች መለሰች። «ያልሮጠች ከክለቡ ትቀነሳለች ሲሉ እሰማለሁ። ልነግርሽ አንድ ቀን ደውዬ ነበር እኮ። አንቺ ቀደምሽኝና ቆርቆሮው ግማሹ ተመታ፣ ግማሹ በሚመጣው ወር አልሽኝ። ተውኩት።»

ረቢአ ያን ቀን አልረሳችውም። ደስ ብሏት ነበር። ልጅቷ ዝም ስትልባት ድካም ነው ብላ፣ እንደ ልማዷ እግሯን መርቃ ስልኩን ዘግታለች። አሁን ምላሷን ብትነቅለው በወደደች፤ ምን ዋጋ አለው?

ይህን ጊዜ ጀይላን ገባ። እሱም አንገቱን ደፍቷል። «ክለቡን ለምኛለሁ» አለ። «ለቤተሰቡ የሚላከው እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይቋረጥም።»

ኢልሃም ዐይኗን ጨፈነች። «አልሀምዱሊላህ» አለች። ስለ እግሯ ሲነገራት ደንዝዞ የቆየው ፊቷ አሁን ፈታ አለ፤ ፈገግ አለች። ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

ረቢአ እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር። ያን ፈገግታ ስታይ ግን አልቻለችም፤ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

ልጅቷ እጇን ሰድዳ የእናቷን ጀርባ ትደባብስላት ጀመር። «አይዞሽ እማ» አለቻት፣ «ይከፈላል እኮ።»