ሐኪም ጋራን የበሳው የአየር ጠመንጃ

አንድ ሰው «ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች» ብሎ የለጠፈውን የወታደር መለማመጃ የአየር ጠመንጃ በስልኬ ካየሁ ወዲህ መቀመጫ አጣሁ። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሆኖሃል ትላለች፤ እኔ ግን ሁለት ወር ይመስለኛል። ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ መልሼ አየዋለሁ። ቁርጥ የጋሼ በላቸው ጠመንጃ ነው፤ ያው ወፍራም የእንጨት ሰደፍ፣ ያው ረጅም አፈሙዝ።

ጋሼ በላቸው አጎቴ ነበሩ፤ ከከተማው ግንብ፣ ከሸዋ በር ወረድ ብሎ ባለው ቤታችን አንዷን ክፍል ይዘው ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለምልምል ወታደር ዒላማ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሞላው ደክሟል ተብሎ ሊጣል የነበረውን መለማመጃ ጠመንጃ ይዘው መጡ። ምልምሉ ክብደቱን እንዲለምድ ተብሎ የተሠራው በእውነተኛው ጠመንጃ ልክ ነው። የሚተፋው ግን የምስር ፍሬ የምታህል እርሳስ ናት፤ ድምፁም ጉንፋን የያዘው ድመት ያስነጠሰ ያህል ነው። ትምህርት በሌለበት ቀን በዘይት በራሰ ጨርቅ ይወለውሉትና ከኋላዬ ቆመው «ትንፋሽህን ያዝ፣ አትቸኩል» ይሉኛል። የዘይቱ ሽታ ሳምንት ሙሉ ከእጄ አይለቅም ነበር። እኔም ሆን ብዬ አልታጠብም።

አንድ ቀን የክፍላችን ልጅ አባቱ ነብር በዱላ እንደገደለ ሲያወራ ሆዴ አልቻለም። «የጋሼ ጠመንጃ አንዴ ተተኩሶ ሐኪም ጋራን በስቶ ወጥቷል» አልኩ፤ ከከተማችን ራስጌ ያለውን ተራራ ማለቴ ነው። ጠጋ ጠጋ ሲሉ ጊዜ ደግሞ «በቀዳዳው ብታዩ የባቢሌ ዝሆን ውሃ ሲጠጣ ይታያችኋል» ብዬ ጨመርኩበት። ከሰሚዎቹ የአንዱ አባት የቀበሌ ጥበቃ ነበር። ዘመኑ ደግሞ ቤቱ ያልተመዘገበ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ወጥቶ የሚቀርበት ዘመን ነው።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ጥበቃዎች መጥተው ጠመንጃውንም ጋሼንም ይዘው ሄዱ። እናቴ ደረቷን ስትመታ እኔ በአጥር ዘልዬ ወጣሁ። ጊደር መጋላ ገበያ የደረስኩት እግሬ መሬት ሳይነካ ነው። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ በርበሬና እርድ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«አዴ! ጋሼን ወሰዷቸው! እኔ ዋሽቼ ነው!»

«ይሄ ምኑ አዲስ ነው?» አሉና ሻሻቸውን አጥብቀው ተነሱ።

ቀበሌው በር ላይ ለስኳር የተሰለፈ ሰው ተኮልኩሏል። ውስጥ ሊቀመንበሩ ጠመንጃውን በእጁ እየመዘነ ነው። «ይሄ ነው የአየር? አራት ኪሎ አየር?»

«ጓድ፣ ክብደቱ ለልምምድ ነው» ይላሉ ጋሼ፣ ቀጥ ብለው ቆመው።

አዴ ፋጡማ ሳይጠሩ ገቡ። «የዚህን ልጅ ወሬ ሰምታችሁ ነው ሰው የምታስሩት? ወላሂ፣ ጅብ እናትህን ሰላም በልልኝ አለኝ ያለ ልጅ ነው! ፍየሌ ሦስት ቀንድ አበቀለች ብሎ አገሩ ግቢዬን ሞልቶት ዋለ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «እኔንም ሞቷል ብሎ አስለቅሶብኛል!» አሉ። በቁሜ ስዋረድ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ግፉበት፣ ጨምሩበት እያልኩ ነበር በልቤ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ተራራው ተበስቷል?»

«አልተበሳም።»

«ታዲያ ጠመንጃው ምን ይገድላል?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ማሳነስ ነበረብኝ፤ ማሳነስ ላይ ደግሞ ልክ የሚባለውን አላውቅም። «ዝንብ እንኳ አይገድልም! የልጅ መጫወቻ ነው። ጋሼም ሥራ ስለሌላቸው ነው የሚወለውሉት» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። ሲይዟቸውም ሲጠይቋቸውም ቀጥ ያለው የጋሼ ትከሻ ያኔ ወረደ።

እሳቸውን ለቀቋቸው፤ ጠመንጃው ግን እዚያው ቀረ። አዴ ፋጡማ መንገዱን ሙሉ አልሐምዱሊላህ ሲሉ ጋሼ ቀድመውን ከፊት ከፊት ሄዱ። በራችን ላይ ስንደርስ ብቻ፣ ወደ እኔ ሳያዩ «ዝንብማ ይገድል ነበር» አሉ።

በማግስቱ ከሰዓት በግቢው ወዲያና ወዲህ ሲንጎራደዱ በመስኮት አየኋቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ፣ ያወጣሉ፣ መልሰው ይከታሉ። የሚያስቃቸው አንድ ነገር ልፈጥርላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልመጣልኝም።

ያኔ አንድ ልጅ ቢያጋንን ሰው ይታሰር ነበር፤ ዛሬ ያጋነነ ይጨበጨብለታል፣ እኔም ወሬ እየፈጠርኩ በዚሁ ስም አትርፌያለሁ። አሁን እሳቸው በነበሩበት ዕድሜ ላይ ሆኜ ሳሎኑን ስዞርበት ልጆቼ ምን ጠፋብህ ይሉኛል። ስንቱን ውሸት ለማንም ስበትን የኖርኩ ሰው፣ ለዚያች ከሰዓት የምትሆነዋን እስከ ዛሬ እየፈለግኳት ነው።