ጽገ የተቀበለችው ስለት

ጽገ ቁጭ ብላ ሻይ የጠጣችበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ሲያትል ውስጥ የለም። ጠዋት ከማውንት ቤከር ሰፈር በባቡር ኖርዝጌት ሄዳ አንዲት ኔፓላዊት አሮጊት ትንከባከባለች፤ ከሰዓት በኋላ ሶዶ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ባቡሩ ባዶ ቢሆን እንኳ በሩ አጠገብ ቆማ ነው የምትሄደው፤ ቀድማ ለመውረድ።

አሮጊቷን ቤተሰባቸው «አማ» ይላቸዋል፣ እናት ማለት ነው፤ ጽገም እንደዚያው ትላቸዋለች። ልጃቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት አማ ተስለው ነበር፤ ከዳነ ለጎሳይኩንዳ የነሐስ ደወል ሊያስገቡ። ጎሳይኩንዳ ሂንዱውም ቡድሂስቱም የሚሳለመው፣ ኔፓል ተራራ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ልጁ ዳነ። ግን ሐኪሙ ከፍታ ከለከለው፤ የአማ ጉልበት ደግሞ ከአልጋ እስከ መስኮት ብቻ ነው።

«ስለቴን ይዤ ልሞት ነው» ብለው ሲያለቅሱ ጽገ አላስቻላትም። «ምን ችግር አለው፣ እኔ አደርስልዎታለሁ» አለቻቸው። አገር ቤት ስለት አድርሺልኝ የተባለ ሰው እምቢ አይልም፤ አፉ እንዳመጣለት እሺ ይላል፣ ቀኑን እግዜር ያውቃል። አማ ግን አፍ እንዳመጣ የሚባል ነገር አያውቁም። በሳምንቱ ልጃቸው ትኬት ቆርጦ መጣ።

«ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» አለች ልጇ ሄለና። «ሶ፣ የንስሐ አባትሽን ኮል አደረግሻቸው?»

«ስመለስ ኮል አደርጋቸዋለሁ» አለች ጽገ። የሚሏትን ስለምታውቅ ነው ያልጠየቀቻቸው።

ተራራው ሥር የተቀበላት መንገድ መሪ እርጋታው የሚያናድድ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን «በዝግታ» አላት። በሁለተኛውም ቀን «በዝግታ» አላት። ወላጆቿ ከአስመራ መጥተው እንጦጦ ሥር ያሳደጓት ሴት፣ ከፍታ ምኗ ነው! በሦስተኛው ቀን እዚሁ እንረፍ ሲላት «ለማረፍ አልመጣሁም» ብላ ሻንጣዋን አነሣች። ደወሉ በየእርምጃዋ ይንቃጨላል። በካልሲ ጠቀለለችው፤ እሱም አላስቆመውም።

የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀር ራሷ ሊፈነዳ ደረሰ። አስመለሳት፤ እግሯ ከዳት። መሪው «ወደ ታች!» አለ፤ አሁን በዝግታ አላለም። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰች። ደግፎ ማረፊያው ቤት አወረዳትና በማግስቱ ደወሉን ይዞ ብቻውን ወጣ። ሲመለስ «ሰቅዬዋለሁ» አላት።

ስለቱ ደርሷል፤ ልቧ ግን ዕረፍት አጣ። አውሮፕላኑ ውስጥ በመተላለፊያው ስትመላለስ አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ አስቀመጠቻት። አማ እንደ ልጃቸው አምነው የላኳት ሰው ናት፤ ምን ልትላቸው ነው?

አማ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ይጠብቋት ነበር። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ጉንጫቸው ጎድጉዷል።

«ደረሰ?»

«ደርሷል፣ አማ።»

«እሺ፣ ውኃው ምን ይመስላል?»

ጽገ ትራሱን አስተካከለች። መጋረጃውን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። በመጨረሻ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አላየሁትም» አለች። ያልሰማችውን ምክር፣ ያላረፈችውን ዕረፍት፣ ደወሉን ማን እንደሰቀለው፣ ሁሉንም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ነገረቻቸው። አፍራ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ደወሉንማ ማንም ይሰቅለዋል» አሉ አማ። «ሰባ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ውኃ ስሰማ ኖሬ አንድ ቀን አላየሁትም። አንቺን የላክሁሽ አይተሽ እንድትነግሪኝ ነበር።»

የጽገ እንባ ዱብ ዱብ አለ። አማ እጇን ያዙ።

«የሚቀጥለው ፈቃድሽ መቼ ነው?»

«ሚያዝያ።»

«እስከ ሚያዝያ አልሞትም» አሉ አማ። «አንቺ ግን እስከዚያ በዝግታ መራመድ ተማሪ።»