ጳጉሜን ስድስትና የፍሬሕይወት ይቅርታ

ዛሬ አንዲት ልጅ እቤቴ ቁጭ ብላ የሥራ ዕድሏን በገዛ እጇ ስትጥል አየሁ።

ፍሬሕይወት እዚሁ ሰቆጣ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ በኮምፒውተር ተመርቃለች። ልትቀጠርበት የምትፈልገው ድርጅት «ዲግሪሽን አይተናል፤ አሁን ሰው የሚያየው ሥራ አሳዪን» ብሏታል።

ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ሊያርመው የሚችል የቀን መቁጠሪያ ሶፍትዌር አለ። ጳጉሜን ስድስትን ይዘላል። ስህተቱን አግኝታ፣ አስተካክላ ላከች። ጎበዝ!

የሶፍትዌሩ ኃላፊ ከባሕር ማዶ «ስድስተኛዋ ቀን ከየት መጣች?» ብሎ ጠየቃት።

እሷ «ይቅርታ፣ ይተውት» ብላ እርማቷን መልሳ ወሰደች።

«ከለከለሽ እንዴ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ትልቅ ሰው ከጠየቀ እኮ ቅር ብሎታል ማለት ነው።»

«ሳያውቅ ቀርቶስ ቢሆን? ወንድምሽ ጳጉሜን ስድስት አይደል የተወለደው? ልደቱን የት ልታደርሺው ነው?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ኮዱ ልክ ነው፤ የጎደለው ማብራሪያ ብቻ ነው። ከሰው ጋር መሥራት ማለት ግማሹ ለጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

እርማቷን እንደገና ላከች፤ ስድስተኛዋ ቀን በየአራት ዓመቱ እንደምትመጣ የሚያስረዳውን መልስም አብረን ጻፍን። በ«ይቅርታ» ጀመረች፤ አጠፋሁት። ዞር ስል መልሳ ጻፈችው። ኔትወርኩ በመሐል ተቋረጠ፤ እሱ ግን ይቅርታ አልጠየቀንም።

ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ፦ «ይህን አላውቅም ነበር፤ ተቀብለነዋል። የበዓላቱንስ ክፍል ታርሚልናለሽ?»

ደስታዋን ለማየት ቀና ብል ፊቷ ተለዋውጧል።

«ጋሼ፣ ደግሞ ጠየቀኝ!»

እናንተስ፣ ጥያቄን እንደ ቁጣ ቆጥራችሁ የተዋችሁት ሥራ የለም? እስኪ ጻፉልኝ፤ በ«ይቅርታ» ሳትጀምሩ።