የማዓላው ጣራና የጎደለው ፎም

ዐረብ አገር ሥራ በገባሁበት ቀን ነጩን የፎም ሰሌዳ የፍሪጅ ማሸጊያ መስሎኝ ከጣራው ላይ ጠራርጌ ቁልቁል ወረወርኩት። አለቃዬ መዐለም ሷሊህ አልተቆጣም። "ቤቱን ከፀሐይ የሚከልለው እሱ ነው" አለና አንድ በአንድ አሸክሞ አራት ፎቅ አስወጣኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ኮንክሪቱ ላይ ውሃ የማያሳልፈው ጥቁር ሽፋን ይነጠፋል፤ ውሃ ተቋጥሮበት ሁለት ቀን ይፈተሻል። ቀጥሎ ፎሙ ክፍተት ሳይተው ይደረደራል፤ በላዩ ስሚንቶ ይለብሳል። ከለበሰ በኋላ ፎም ይኑር አይኑር ከላይ የሚያውቅ የለም። ሌብነቱም የሚገባው በዚህ ነው።

ዓመታት አልፈው እኔም መዐለም፣ የሠራተኞች አለቃ፣ ሆንኩ። ማዓላ ሰፈር አንድ ሕንፃ ያዝን። ዐም፣ አጎት፣ የምንለው ተቋራጩ ዐብዱ ድሬዳዋ ያደገ የአገር ልጅ ነው፤ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ወረቀቴን፣ በስሙ ያወጣልኝም እሱ ነበር። ፕላኑ ጣራው በሙሉ ፎም ይልበስ ይላል። እሱ ያስመጣው ግን ለደረጃው አፍ ዙሪያ ብቻ የሚበቃ ነበር። ተቆጣጣሪ ሁሉ ከደረጃው ብቅ ብሎ አጠገቡን ብቻ ፈትሾ እንደሚወርድ ያውቃል።

"ዐም ዐብዱ፣ የቀረውስ?"

"ኻላስ፣ በቃ፣ ስሚንቶውን አልብሰው። ጣራ ላይ ማን ሊተኛ ነው?"

"የሚተኛውማ ከሥሩ ነው።"

እህቴ ዘይነባ ሰው ቤት ስትሠራ የመጨረሻው ፎቅ ላይ አንሶላ አርጥባ ለብሳ ነበር የምትተኛው። ያን እያወቅሁ እጄ እሺ አላለኝም።

"ኢቃማ ያወጣሁልህ ምላስህን እንድታወጣብኝ አይደለም" አለኝ። ጣራውን ሌሎች አለበሱት።

ለርክክብ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ጠዋት መጣ። በሩ ላይ ጠበቅሁት።

"መሐንዲስ፣ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ጣራ ጨዋ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከመታው ወዲያ፣ ይምጡ።"

ሳቀብኝ። ግን ፕላኑን ሳይፈርም አጥፎ ሄደና ከዐስር በኋላ ተመለሰ። ወደ ጣራው ሊወጣ ሲል የመጨረሻው ፎቅ ላይ አስቆምኩትና መሰላል አቆምኩለት። መጀመሪያ ደረጃው አጠገብ ኮርኒሱን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ምንም አልተሰማውም። ከዚያ ወደ ኋላኛው መኝታ ቤት ወሰድኩት። እዚያ እጁን እንዳስነካ ግለቱ አቃጥሎት መልሶ ሰበሰበው።

"ፎሙ የት አለ?" አለው ተከትሎን የመጣውን ዐም ዐብዱን።

ዐም ዐብዱ ወደኔ ዞረ። "የአገር ልጅ ሆነህ አዋረድከኝ።"

"የአገሬ ሰው ስለሆኑማ ነው አስቀድሜ ለእርስዎ የነገርኩት።"

ጣራው ፈርሶ ፎም ለበሰ። እኔ ተባረርኩ፤ ኢቃማዬም ሳይታደስ ቀረ። ሁለት ዓመት ያህል ሀሽሚ ሰፈር ውስጥ የሚያፈስ የውሃ ታንከር እየጠገንኩ፣ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እየቀየርኩ ኖርኩ። ከፍቶኝ ነበር፤ አልጸጸትም ግን። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርገዋለሁ።

ከኋላዬ ለምትመጡ፦ ጣራ ከላይ አይመረመርም። ከሥሩ፣ ከዐስር በኋላ፣ በመዳፍ ነው።