ጥንዚዛና አራቱ ቃላት

መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንላትም። ወንበር ስትሰጧት ጀርባውን ይዛ ትቆማለች። ሻይ ስትሰጧት ብርጭቆውን ይዛ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ትመላለሳለች፤ ሻዩ ሲቀዘቅዝባት ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። ስትሄድም ከንፈሯ አያርፍም፣ ቃል እያላመጠች ነው። የፋብሪካው ሰው «ጥንዚዛ» ብሎ የሰየማት ለዚህ ነው፤ ሳትገባ ድምጿ ይቀድማታል። እኔ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ፣ መቆም ወገቤ የማይፈቅድልኝ፣ መቀመጥ የምወድ ሴት። እኛን ሁለታችንን አንድ ክፍል ውስጥ የመደበው ሰው ምን በድለነው ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

ሥራዋ መተርጎም ነው። ካርቶን የሚገዙን ደንበኞች በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፣ ማሽኖቹም ከነመመሪያቸው በእንግሊዝኛ ይመጣሉ፤ እሷ ወደ እኛ ቋንቋ ትመልሰዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን መዝገበ ቃላቱን ገልጦ፣ ጽፎ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሷ ግን ሁለት የሚመሳሰሉ ቃላት ካጋጠሟት አበቃላት፤ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር እየቆረቆሯት ትውላለች። አንድ ቀን ምሳዬን ልጎርስ ስል ከላዬ መጥታ ቆመች።

«እትዬ፣ ሃዛርድ እና ሪስክ አንድ አይደሉም እኮ!»

«አንድ ናቸው ያልኩሽ እኔ ነኝ?»

«ሁለቱንም አደጋ እያልን ነው የምናልፋቸው። ተናካሽ ውሻ አለ እንበል። ሃዛርዱ ውሻው ራሱ ነው። ሪስክ ደግሞ ውሻው አንቺን የመንከሱ ነገር ነው፣ ምን ያህል ያሰጋል የሚለው። ብታስሪው ውሻው ያው ውሻ ነው፣ ሪስኩ ግን ቀነሰ። ገባሽ?»

«የገባኝ ምሳዬ መቀዝቀዙ ነው» አልኳት። እሷ ግን ውሻውን ይዛ ወጥታ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ለሒሳብ ሠራተኛው ስታስረዳ ይሰማኛል።

ይህን ሁሉ ማውራቴ አዞ ጋ ልደርስ ነው። አዞ የምንለው ካርቶን የሚቆርጠውን ማሽን ነው። ሁለት ወፋፍራም የብረት ሰሌዳዎች እንደ አፍ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሲከፈት ሠራተኛው በአንድ እጁ የተቆረጠውን ያወጣል፣ በሌላው አዲሱን ያስገባል፤ ከዚያ ይዘጋል። ከአፉ ፊት ለፊት ማቆሚያ ዘንግ አለ፤ ክንድ ከነካው ማሽኑ ባለበት ቀጥ ይላል። አዞ ላይ የሚሠራው ደግሞ የጥንዚዛ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የወተት ጥርሱን እንኳ አልነቀለም ነበር፤ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን በር የሚሞላ ጎረምሳ ሆኗል። እሷ ግን ዛሬም በሰው ፊት አንገትጌውን ታስተካክልለታለች፣ እሱም መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወዳል።

ማሽኖቹ ሲመጡ በየቦታው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጠራትና «እነዚህን ቶሎ ተርጉሚልኝ፣ ነገ ይታተማሉ» አላት። እሷም ዞራ አይታቸው ተመለሰች።

«አራት ዓይነት ናቸው» አለችው። «አዞ ላይ ዴንጀር ይላል። የወረቀት መቁረጫው ቢላ ላይ ዋርኒንግ ይላል። የሙጫው ማሞቂያ ላይ ኮሽን ነው፣ የወረቀቱ ክምር ጋ ደግሞ ኖቲስ።»

«አራቱም ያው ጥንቃቄ ናቸው» አለ።

«አይደሉም። ዴንጀር ማለት ሰው ይሄን ካደረገ ይሞታል ወይም አካሉን ያጣል ነው፤ ምናልባት የለውም። ዋርኒንግ ሊሞት ይችላል ነው። ኮሽን ይቆስላል፣ ይቃጠላል፣ ግን ይድናል። ኖቲስ ሰው አይነካም፣ ዕቃ ነው የሚበላሸው።»

«ታዲያ ሰው በአራቱም አይጠንቀቅ?»

«ይጠንቀቅ፣ ግን እኩል ከሆነ…»

«በቃ፣ ጥንቃቄ በይውና ጨርሺ።»

ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥድፊያ የበላው ሰው ነው። የተረፈ ቀይ ቀለም ነበር፣ የተረፈ ወረቀት ነበር፣ ማተሚያውም የራሳችን ነው። ስለዚህ «ጥንቃቄ!» የሚል፣ የተዘረጋ መዳፍ የተሳለበት ቀይ ወረቀት እንደ ጉድ ታተመ። አዞ ላይ ተለጠፈ፣ ቢላው ላይ፣ ሙጫው ላይ፣ ወረቀቱ ላይ ተለጠፈ። አላልቅ ሲል የመጥረጊያ ማስቀመጫውና የሻይ ክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ፤ መጸዳጃ ቤቱም ላይ ተለጠፈ፣ እዚያስ እውነት ነበር። ሹፌሩ አንዱን ወስዶ የአማቱ ክፍል በር ላይ ለጥፎ ከሚስቱ ጋር ሲኳረፍ ከረመ። ብዙም ሳይቆይ ያንን ቀይ ወረቀት የሚያይ ዓይን ከግቢው ጠፋ። ሰው ጃኬቱን ይሰቅልበት ጀመር።

ጥንዚዛ ይብስ እረፍት ያጣችው ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ጠዋት ወንድሟ ጋ ብቅ ስትል የአዞ ማቆሚያ ዘንግ ወደ ኋላ ተጎትቶ በሽቦ ታስሮ አገኘችው። ዘንጉን ክንድ በነካው ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፤ እንደገና ለማስነሳት ጊዜ ይበላል፣ የዕለቱ ሥራ ይጎድላል፣ አለቃ ይጮሃል። ስለዚህ እሱና አብረውት የሚሠሩት ልጆች ተመካክረው አሰሩት። አስረው ሲያበቁ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ከሽቦው በላይ አንድ «ጥንቃቄ!» ለጠፉበት።

«ማነው ይሄን ያሰረው?» አለች።

«ሁላችንም» አለ ወንድሟ፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ።

«ፍታው።»

«እህት ዓለም፣ ቃሉን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ማሽኑን እኔ አውቀዋለሁ። እንከባበር።»

ጓደኞቹ ሳቁ። ጥንዚዛ ፊቷ ቀልቶ ወደ ክፍላችን መጣች። ያን ቀን ስትዞር ስትዞር እኔን አዞረኝ። «ተይ እንግዲህ፣ ያደገ ልጅ ነው፣ ያውቅበታል» ብላት፣ «አያውቅም! ጥንቃቄ የሚል ተለጥፎበት እንዴት ይወቅ? መጥረጊያውም እኮ ጥንቃቄ ነው የሚለው!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ድምጿ ወረደና «እትዬ፣ እጁ በገባ ቁጥር እስኪወጣ ዓይኔን አልነቅልም» አለች። አንጀቴን በላችው። ፍርሃቷን ሳላይ ቃሏን ብቻ እሰማ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ተመልሳ አራቱ ለየብቻ ይታተሙልኝ ብላ ለመነችው። የሽቦውንም ነገር አነሳችበት። እሱም «ይገድላል ብለሽ ብትለጥፊ ማን ይሠራበታል? ገዢዎቹ ሊጎበኙን እየመጡ ነው፣ ሰው የሚገድል ፋብሪካ ነው እንዲሉን ነው? ለሽቦው ፎርማኑን አናግራለሁ» አላት። አናግራለሁ የሚል ሰው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ታውቃላችሁ። እኔም ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አቃተኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን እያልኩ፣ ሳላስበው የእሷ ወገን ሆንኩ።

«ቆይ» አልኳት፣ አደጋ ይሻላል አስጊ ይሻላል እያለች ወለሉን ስትፈጀው። «ቃል ፍለጋ ምን ያንከራትትሻል? ማሽኑ ምን ያደርጋል? የሚያደርገውን ጻፊዋ!»

ቀጥ ብላ ቆመች። ብዙ አትቆምም፣ ያን ጊዜ ግን ቆመች።

ማሽኖቹ የሚጸዱበት ከሰዓት በኋላ መፋቂያና የሞቀ ውሃ ይዛ ተነሳች፤ ባልዲ ያዧ እኔ። ከሻይ ክፍሉ ጀምራ ያንን ቀይ ወረቀት አንድ ሳታስቀር ፋቀችው። ወገቤን ይዤ «የእጄን ነው ያገኘሁት፣ አፌን ብይዝ ኖሮ» እያልኩ ተከተልኳት። በመጨረሻ ግድግዳው ባዶ ቀረ። ከዚያ ወፍራም ካርቶን ላይ በእጇ ጻፈች። ወረቀቱ ክምር ጋ «ውሃ እንዳይነካው» አለች። ሙጫው ላይ «ያቃጥላል» አለች። ቢላው ላይ «ሊገድል ይችላል» አለች። አዞ ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ አበላሽታ በሦስተኛው ጻፈችው፤ «ይገድላል።»

በማግስቱ ልጆቹ ሲገቡ መጀመሪያ ያስደነገጣቸው የግድግዳው ባዶነት ነው። ቀጥሎ አዞ ላይ ያለውን አነበቡ። አንዱ «እንግዲህ የአዞ ቁርስ፣ ደህና አደርክ?» አለው ወንድሟን። ሳቁ። ወንድሟ አልሳቀም፤ እህቱን ፈልጎ መጣ።

«በሰው ፊት መሳቂያ ታደርጊኛለሽ? ማንን ነው የሚገድለው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ዴንጀር ከዋርኒንግ የሚለይበትን ታብራራለት ነበር። ያን ቀን ግን «አንተን» አለችው። «ሌላ ማንን? አንተን ነው የሚገድልብኝ።»

ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ከምሳ በኋላ ሽቦው ተቆርጦ ወለሉ ላይ ተገኘ። ሲጠየቅ «ዝጎ ነበር» አለ። ጎረምሳ መሸነፉን እንዲህ ነው የሚናገረው።

ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ማሽኑ ይቆም ጀመር። ክርን ሲነካው ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል፣ ይቆማል። ሥራው ጎደለ፣ ፎርማኑ አኮረፈ፣ ጓደኞቹ «በአንድ ቃል ምክንያት እንጀራችን ተነካ» ብለው አጉረመረሙ። ሥራ አስኪያጁ ጥንዚዛን ጠርቶ «ሰውን አስደንግጠሽ ሥራ አስፈታሽብኝ። ገዢዎቹ ሳይመጡ ያንን አንሺና እንደ ድሮው ጥንቃቄ በይው» አላት። እሷም፣ የማይታመን ነው፣ እሺ ብላ ወጣች። ሰው ሁሉ ተሳስተሻል ሲልሽ የራስሽን ጆሮም ትጠራጠሪያለሽ።

በዚያው ቀን ነው ወንድሟ መጋዘን የመጣው። አዲስ ቱታ ስጪኝ አለ። ምን ሆነ ያለህ ብዬ ቀና ስል የቀኝ እጅጌው ጫፍ ተጨፍልቆ፣ እንደ ካርቶን ተቆርጦ ነበር። ከንፈሩ ነጥቷል።

«ወረቀቱ ተጣሞ ገባ» አለኝ። «ላቃናው ክንዴን ሰደድኩ። ክርኔ ዘንጉን ነካው መሰለኝ፣ ቆመ። እትዬ፣ ሰሌዳው እዚህ ጋ ቆመ።» አንጓውን አሳየኝ። ቆዳው ላይ የብረት ጠርዝ ቀይ መስመር አስምሯል። «ለእሷ እንዳትነግሪያት። በእናትሽ። ከሥራ ታስወጣኛለች።»

ማልኩለት። ቱታውን ሰጠሁት። እሱ ሲወጣ ለካ መቀመጥም እንደዚህ ያስጨንቃል፤ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ሚስማር ስቆጥር ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጥንዚዛ ገባች። እጇ ላይ አዲስ የተጻፈ «ጥንቃቄ» ይዛለች።

«ልለውጠው ነው» አለች። «አብዝቼው ይሆን እንዴ እትዬ? እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ምናልባት ኮሽን ይበቃው ነበር። ምናልባት ያኔ እሱ እንዳለው ማሽኑን አላውቀውም። ልጁንም በሰው ፊት አዋረድኩት፣ ሥራውንም አበላሸሁበት።» ዓይኗ ቀልቷል፤ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር። «ቃል ማሳመር አይደለም እኮ የፈለግኩት፣ እንዲተርፍልኝ ነው። አሁን ግን አላውቅም።»

መሐላዬን አሰብኩ። ከዚያ ጠረጴዛው ስር የጣልኩትን አሮጌ ቱታ አነሳሁና እጅጌውን ዘረጋሁላት።

«ዘንጉ አቆመው» አልኳት። «ዛሬ ጠዋት። ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። ያንን ቃል ግን እንዳትነኪው።»

እጅጌውን ያየችበትን ዓይን እግዜር ለማንም አያሳየው። ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። ሮጠች። እኔም ወገቤን ረስቼ ከኋላዋ ሮጥኩ፤ ስደርስ ማሽኑ ቆሟል፣ ልጆቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ ሥራ አስኪያጁም ጩኸቱን ሰምቶ ከበሩ ደርሷል። ጥንዚዛ የወንድሟን ቀኝ እጅ በሁለት እጆቿ ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየነካች ትቆጥራለች። አምስት። እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረች። አምስት። የሳቀ የለም። አሁን እጁን መንጭቆ ይሰድባታል ብዬ ጠበቅኩ።

አልመነጨቃትም። ቆጥራ ስትጨርስ፣ ሳትጠይቀው፣ ግራ እጁንም ዘረጋላት።