የአክስቴ የልብ በር

አክስቴ ዳንግላ ገበያ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ከገዢ ጋር ስትከራከር ድምፅዋ የጋሪ ፈረስ ያስበረግጋል። ያቺ ሴት ገበያ ስትሄድ በየመንገዱ ቁጭ ብላ ትንፋሿን መሰብሰብ ስታበዛ፣ እየጎተትሁ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። በልጅነቷ የያዛት የመገጣጠሚያ ሕመም የልቧን በር አጥብቦታል ተባለ።

"ከሰፊ በር ገብቼ አላውቅ፤ ልቤስ ምን ያድርግ!" አለች።

ወደ አዲስ አበባ ተላክን። እዚያ ያየን ሐኪም ረጋ ብሎ የሚናገር ወጣት ነው። በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ልቧ ጋ ሲደርስ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ ነፍቶ በሩን እንደሚያሰፋው ነገራት። ችግሩ ልቧ ውስጥ የረጋ ደም መገኘቱ ነበር። ቱቦው ነክቶ ካፈናቀለው ወደ አንጎሏ ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣባት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ለወራት ደም የሚያቀጥን ክኒን እንድትወስድ አዘዛት።

"እኔ እንዲህ ከስቼ ደሜ ብቻ ወፈረ?"

"ጎመንም አንድ ቀን በብዛት፣ አንድ ቀን ጭራሽ አይሁን፤ የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል" አላት።

ከዚያ በኋላ ቤቷ ውስጥ ጎመን ያለ እሷ ፈቃድ አይቀቀልም። ለደም ምርመራ እኔ ወዳለሁበት እንጅባራ በሚኒባስ ስትመላለስ ደግሞ፣ "እነዚህ ደም የሚቀዱ ልጆች በኔ ደም ሳይወፍሩ አልቀሩም" ትለኝ ነበር።

ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ስንመለስ በጉሮሮዋ መመርመሪያ አስገብተው ልቧን ከቅርብ አዩት። አክስቴን ዝም ብላ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። የረጋው ደም ሟሙቷል፤ በማግስቱ ወደ ሕክምናው ክፍል አስገቧት።

ውጭ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነርሷ እየሮጠች መጣች። "ፊኛው በደንብ ሠርቷል፤ ግን ንግግራቸው ተበላሽቶብናል! ጠዋት ሲያወሩ አልነበር?"

ተከትያት ሮጥሁ። ስገባ ሐኪሙ ስትሮክ እንዳይሆን ሰግቶ አጎንብሶ፣ "እናቴ፣ ሁለቱንም እጅዎን ያንሱ፤ እስቲ ፈገግ ይበሉ" ይላታል። እጆቿ እኩል ተነሥተዋል። አፏ ደግሞ የልጅነት ቋንቋዋን፣ አገውኛውን ያወርደዋል። ሰማሁና ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ።

"ምን እያሉ ነው?" አለኝ ሐኪሙ።

"'እጅ ወደ ላይ የሚሉኝ ሊዘርፉኝ ነው? ደግሞ እየተዘረፉ ፈገግታ!' ነው የምትለው፣ በአገውኛ።"

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ግንባሩን ጠረገ። "እስቲ በአማርኛም ትንሽ ይበሉልኝ።"

"ምን ልበልህ ልጄ? እግዜር ይስጥህ።"

ወደ አልጋዋ ሲመልሷት አማርኛዋን ምን እንደዋጠው ጠየቅኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ፈርቼ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ስፈራ አማርኛ አይመጣልኝም።"

ዛሬ ገበያ በእግሯ ትመላለሳለች። የልቧ ምት አንዳንዴ ስለሚዛባ ክኒኑን አላቋረጠችም። መፍራቷን ግን ለዳንግላ ሰው እንዳልናገር አስምላኛለች።